አልጫን ላለ ሶፍትዌር፦ የሊኑክስ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ ከጅማ

በጅማና በአካባቢዋ ሊኑክስ የምንጠቀም ሰዎች ሶፍትዌር ስንጭን የሚያጋጥሙንን ችግሮች በጽሑፍ አቅርበን፣ በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩት አባላችን እንደሚከተለው መልሰውልናል። አብዛኞቻችን ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ዴቢያን የተባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች ስለምንጠቀም ጥያቄዎቹ ሶፍትዌር አውርዶ በሚጭነው በአፕት ትእዛዝ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ትእዛዞቹ እዚህ የተጻፉት እንደሚነበቡት ነው፤ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው። በትእዛዝ መጀመሪያ የምታዩት «ሱዶ» በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርግ ማለት ነው።

ጥያቄ፣ ከመንደራ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ኡቡንቱ ከጫንኩ ሳምንት ሆኖኛል፤ ነገር ግን ምንም ሶፍትዌር አልጫን አለኝ። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጥያቄህ ግን ሦስት ነገሮች ስለሚጎድሉት የምሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ይሆናል። የሲስተምህን ዓይነትና ቁጥር ንገረን፤ «ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊስ» ብትለው ያወጣልሃል። ያስገባኸውን ትእዛዝም እንዳለ ጻፍልን። ከዚያም ኮምፒውተሩ የመለሰልህን ቃል በቃል ገልብጠህ አምጣ እንጂ በስልክ የተነሣ፣ ጎኑ የተቆረጠ ፎቶ አትላክ። አፕት ሲከሽፍ ብዙ መስመር ያወጣል፤ ከመስመሮቹ መካከል በ«ኢ» ፊደልና በሁለት ነጥብ የሚጀምረውን የመጀመሪያውን ፈልገህ አንብብ፤ ከሥሩ የሚከተለው አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ መዘዝ ነው። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምናገረው ስለማውቅ ሁላችሁም ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፣ ከጊንጆ፦ በኡቡንቱ 24.04 ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ» ስል «ኢ፦ ኩድ ኖት ጌት ሎክ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ» ይለኛል፤ ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም ማለቱ ነው። ቀጥሎም ቁልፉን የያዘው ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሥራት ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ቁጥሩ 2315፣ ስሙም አንአቴንድድ-አፕግር እንደሆነ ይነግረኛል። ኮምፒውተሩን የከፈትኩት ገና አሁን ሲሆን ሌላ የምጭነው ነገር የለም።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚቀርበው። መልሱም እዚያው መልእክቱ ውስጥ አለ። 2315 የሚለው የደኅንነት ማሻሻያዎችን ከበስተጀርባ የሚጭነው የራሱ የኡቡንቱ አገልግሎት ነው። ላፕቶፕ ለብዙ ቀናት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈትና ኢንተርኔት ሲያገኝ ይህ አገልግሎት ቀድሞ ሥራውን ይጀምራል፤ ኔትወርኩ ከደከመም ሊቆይ ይችላል። አንተ የምታደርገው ነገር ቢኖር መጠበቅ ነው። «ፒኤስ -ኤፍፒ 2315» ብለህ ፕሮሰሱ በሕይወት መኖሩን እያየህ ቆይ፤ ሲጠፋ ቪኤልሲህን ጫን።

አንድ አባል፣ ከአጂፕ፦ እኔ የመቆለፊያውን ፋይል በ«ሱዶ አርኤም» አጥፍቼ ወዲያውኑ እቀጥላለሁ፤ እስካሁን ምንም አልሆንኩም። ብዙ ቪዲዮዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ስለሆነ ጀማሪ ሰው ያለ ምክንያት ባይጉላላ መልካም ነው።

መልስ፦ «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» ማስረጃ አይሆንም። ነገሩ በሚገባ ቢብራራ ጥሩ ነው። ቁልፉ የፋይሉ መኖር አይደለም፤ ፋይሉ ማንም ሳይጠቀምበት ዓመት ሙሉ እዚያው ይቀመጣል። ቁልፍ የሚባለው አንድ ፕሮሰስ በዚያ ፋይል ላይ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) የሚያገኘው መያዣ ሲሆን፣ ፕሮሰሱ ሲጨርስም ሆነ ሲሞት፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲዘጋም ጭምር፣ መያዣው በራሱ ይለቀቃል። እንግዲህ ፋይሉን የምታጠፋው ከሁለት በአንዱ ሁኔታ ነው። ያዡ ፕሮሰስ ሞቶ ከሆነ መያዣው ቀድሞ ስለተለቀቀ ማጥፋትህ ከንቱ ነው። ያዡ በሕይወት ካለ ደግሞ አፕት በዚያው ስም አዲስ ፋይል ፈጥሮ አዲሱን ይቆልፍና፣ ሁለት ጫኞች በአንድ ጊዜ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ የተባለውን መዝገብ መጻፍ ይጀምራሉ። ያ መዝገብ በኮምፒውተርህ ላይ ምን እንደተጫነና ምን እንዳልተጫነ የሚያውቀው ብቸኛው ሰነድ ነው። ከንቱ ወይም አጥፊ የሆነን ትእዛዝ ለጀማሪ ማስተማር ተገቢ አይደለም።

ሌላ አባል፣ ከቦሳ ኪቶ፦ ፕሮሰሱ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ሰዓታት ቢቆይስ? አንዳንድ ጊዜ እኮ በእውነት ይሰቀላል።

መልስ፦ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያም «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ማለት በቂ ነው፤ ዲፒኬጂ በአፕት ሥር ሆኖ ጭነቱን የሚያከናውነው መሣሪያ ነው። የፋይል ማጥፋቱ ነገር በዚህ ይዘጋልን፤ ወደ ጥያቄዎቹ እንለፍ።

ጥያቄ፣ ከቆጪ፦ ሊብሬኦፊስን እየጫንኩ «ሴቲንግ አፕ» የሚሉት መስመሮች በመውረድ ላይ ሳሉ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ለመጫን ስሞክር «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ይላል። ከእንደገና ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ በፍጹም ፎርማት አታድርግ። አንድ ፓኬጅ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የታሸገበት ጥቅል፣ ሲጫን መጀመሪያ ፋይሎቹ ተፈትተው በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ «ሴቲንግ አፕ» በሚለው ደረጃ ይዋቀራል። መብራቱ የጠፋው በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ ፋይሎቹ አሉ፤ የቀረው ውቅረቱ ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ብታነበው የሚያስፈልግህን ትእዛዝ ራሱ ጽፎልሃል፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ነው። ይህ ሲጨርስ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በለው። ከዚያም «ዲፒኬጂ --ኦዲት» ብለህ ዝም ካለህ ሁሉም ተስተካክሏል። የፓኬጆቹን ዝርዝር በ«ዲፒኬጂ -ኤል» ብታወጣ በደህናው ጊዜ የእያንዳንዱ የተጫነ ፓኬጅ መስመር በሁለት ትናንሽ «አይ» ይጀምራል፤ ሁለተኛው ፊደል ትልቁ «ዩ» ወይም ትልቁ «ኤፍ» ሆኖ ካየኸው ያ ፓኬጅ ገና በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ባስ ብሎ የስታተስ መዝገቡ ራሱ ተበላሽቶ ባዶ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥም። እዚያው አጠገቡ ስታተስ-ኦልድ የሚባል የቀደመው ቅጂ አለ፤ በ/ቫር/ባካፕስ ውስጥም ሲስተሙ በየጊዜው የሚያስቀምጣቸው ቅጂዎች ይገኛሉ። የተበላሸውን ወደ ሌላ ስም ቀይሮ ደህናውን በቦታው መመለስ ነው።

ለወደፊቱ ግን ማውረዱንና መጫኑን ለያዩአቸው። «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል -ዲ ሊብሬኦፊስ» ብትል ማውረድ ብቻ ያደርጋል። ማውረድ በመሃል ቢቋረጥ ከቆመበት ስለሚቀጥል ጉዳት የለውም። ሁሉም ከወረደ በኋላ መብራት ባለበት ሰዓት ያንኑ ትእዛዝ ያለ «-ዲ» ብትደግመው ጭነቱ አጭር ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ በጅማ ክረምት ከዚህ ሌላ መንገድ ባይሞክር ይመረጣል።

ጥያቄ፣ ከሂርማታ፦ ፎቶሾፕንና የማይክሮሶፍት ኦፊስን ክራክ ሊኑክስ ላይ እንዴት ልጫን?

መልስ፦ በክራክ ጉዳይ አልመልስም። በምትካቸው ጊምፕንና ሊብሬኦፊስን ሞክር።

ጥያቄ፣ ከአጋሮ፣ የቢሮ ጸሐፊ፦ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስል «ሪሊስ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ይልና ለተጨማሪ 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ እንደማይሠራ ይነግረኛል። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ሰዓቱም ትክክል ነው፤ ጠዋት 3፡20 ይላል፤ ያስተካከልኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ያለው «ትክክል ነው» ባልሽው ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡20 የሆነው ለኮምፒውተሩ 9፡20 ነው። አንቺ 3፡20 ብለሽ ስትሞዪው ማሽኑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰሽዋል። የፓኬጆቹ ዝርዝር የያዘው ፋይል የተዘጋጀበት ሰዓት በፊርማ የታሰረ ስለሆነ፣ ማሽንሽ ሲያየው ገና ወደፊት የሚዘጋጅ ፋይል ይመስለዋል፤ ወደፊት የተጻፈ ፋይል ደግሞ የተጭበረበረ ሊሆን ስለሚችል አልቀበልም ማለቱ ተገቢ ነው። ይህ ስህተት በእኛ አገር የተለመደ ቢሆንም በውጭ አገር መመሪያ ውስጥ ስለማይገኝ ሰው ብዙ ይደክምበታል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ አፕት ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩም የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረውና አልከፍትም ይላል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» በዪ፤ ቀጥሎ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» ብለሽ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያመጣ ተይው። ከዚያ በኋላ በእጅ አትንኪው። ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ እርሷን መቀየር ነው።

አንድ አባል፣ ከፈረንጅ አራዳ፦ የእኔ ደግሞ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ያሉበት ሲሆን፣ ከኡቡንቱ ወጥቼ ዊንዶውስ ስከፍት ሰዓቱ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህም ከዚሁ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያንን የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ይሆናል። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብትል ሊኑክስ ለዊንዶውስ ልማድ ይገዛል። ሁለቱንም ለሚጠቀም ሰው ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከአንድ ተማሪ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፦ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝን ኡቡንቱ 23.10 ጫንኩ። አሁን አፕዴት ስል መስመሮቹ ሁሉ 404 ኖት ፋውንድ ይላሉ። ሰርቨሩ ተዘግቷል?

መልስ፦ ሰርቨሩ አለ፤ ያንተ ቅጂ ነው ዘመኑ ያለፈበት። ኡቡንቱ ሁለት ዓይነት ቅጂ ያወጣል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ በሚያዝያ ወር ገደማ የሚወጣው፣ ኤልቲኤስ የሚባለው፣ አምስት ዓመት ድጋፍ አለው፤ 22.04 እና 24.04 ከዚህ ወገን ናቸው። በመካከል የሚወጡት ግን ዘጠኝ ወር ብቻ ይደገፋሉ። 23.10 በጥቅምት 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወጥቶ በሐምሌ 2024 አብቅቷል። ድጋፉ ያለቀ ቅጂ ፓኬጆቹ በኢንተርኔት ከሚወርዱበት ከዋናው ማከማቻ ተነሥተው ኦልድ-ሪሊስስ ወደሚባለው መጋዘን ስለሚዛወሩ በቀድሞው አድራሻ የምታገኘው 404 ብቻ ነው። አድራሻውን ወደ መጋዘኑ ቀይሮ ደረጃ በደረጃ ማሻሻል ይቻላል፤ ሆኖም ገና ሳምንት ላልሞላው ኮምፒውተር ያንን ሁሉ ዳታ ማቃጠል አይገባም። ሰነዶችህን ገልብጠህ 24.04ን እንደ አዲስ ጫን። የመጫኛው ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ባለ 4 ጊጋባይት ፍላሽ አይበቃውም፤ የወረደውን ፋይል አለመበላሸቱን በ«ኤስኤችኤ256ሰም» ሳታመሳክር ወደ ፍላሽ እንዳትጽፍ። ከሰው እጅ የሚገኝ ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ መጫን በጊቢው ውስጥ ልማድ ስለሆነ ለጓደኞችህም ንገራቸው።

ጥያቄ፣ ከዚያው ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ሌላ ተማሪ፦ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓኬጆችን በሚጭነው በፒፕ «ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ» ስል «ኤክስተርናሊ-ማኔጅድ-ኢንቫይሮንመንት» የሚል ስህተት ይወጣል። መልእክቱ ራሱ «--ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» የሚል አማራጭ ይጠቅሳል፤ እርሱን ልጨምር?

መልስ፦ የአማራጩ ስም ሲስተም ይሰብራል እያለህ ለምን ትጨምረዋለህ? ከዴቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ጀምሮ የሲስተሙ ፓይተን በአፕት ሥር የሚተዳደር ነው፤ ብዙ የዴስክቶፑ መሣሪያዎች በእርሱ ስለሚሠሩ ፒፕ እጁን እንዳያስገባ ተከልክሏል። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን አካባቢ መፍጠር ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፓይተን3-ቬንቭ» በል፤ በሥራ ፎልደርህ ውስጥ «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ ቤቴ» ብለህ ፍጠር፤ «ሶርስ ቤቴ/ቢን/አክቲቬት» ብለህ ግባና እዚያ ውስጥ ፒፕን እንደልብህ ተጠቀም። ቢበላሽ ፎልደሩን ማጥፋት ብቻ ነው። ሌላም አደራ አለኝ፤ የፓይተን ስሪት አረጀ ብላችሁ «አፕት ሪሙቭ ፓይተን3» እንዳትሉ፤ ዴስክቶፑ አብሮ ተጠርጎ ይሄዳል።

ጥያቄ፣ ከመርካቶ ሰፈር፦ ዋይፋይ አይታየኝም። ካርዱ ብሮድኮም ነው ይላሉ።

መልስ፦ የሃርድዌር ነገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ለጊዜው ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተህ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያ) ክፈትና «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን መስኮት ተመልከት።

ጥያቄ፣ ከጅሬን፦ የአንድ ፕሮግራም አዲስ ስሪት አስፈልጎኝ የዴቢያንን ማከማቻ ኡቡንቱዬ ላይ ጨመርኩ። አሁን ምንም ልጫን ብል «ዩ ሃቭ ሄልድ ብሮክን ፓኬጅስ» ይላል።

መልስ፦ በጅማ የታጠበና ያልታጠበ ቡና በአንድ ጆንያ የሚያደባልቅ ነጋዴ የለም፤ ሁለቱም ቡና ስለሆኑ ብቻ አይቀላቀሉም። ዴቢያንና ኡቡንቱም እንዲሁ ናቸው፤ የፓኬጆቻቸው ስም አንድ ሆኖ አሠራራቸው የተለያየ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ሊብሲ6 በተባለው መሠረታዊ ፓኬጅ ላይ ይቆማል። አዲሱ የዴቢያን ፕሮግራም የሚፈልገው ሊብሲ6 ካንተ ኡቡንቱ ካለው ከፍ ያለ ከሆነ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ አፕት አሁን እንዳየኸው «አልችልም» ብሎ ይቆማል፣ ወይ መሠረቱን ራሱን ቀይሮ በእርሱ ላይ የቆመውን ሁሉ ያናጋል። ያንተ የመጀመሪያው ስለሆነ ዕድለኛ ነህ።

ጉዳቱን የምታየው «አፕት ፖሊሲ ሊብሲ6» በማለት ነው። «ኢንስቶልድ» በሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ከኡቡንቱ የመጣ ከሆነ መዳን ቀላል ነው። /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት.ዲ ውስጥ የጨመርከውን ፋይል አጥፋ፣ አፕዴት በል፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በል። ቁጥሩ ከዴቢያን የመጣ ከሆነ ግን ሰነዶችህን ገልብጠህ እንደገና መጫን ይሻልሃል፤ ሊብሲ6ን ወደ ኋላ መመለስ የጀማሪ ሥራ አይደለም። የድሮ ቪዲዮ የምትከተሉም አንድ ነገር እወቁ፤ ከኡቡንቱ 24.04 ጀምሮ የምንጮቹ አድራሻ ያለው በዚሁ ፎልደር ውስጥ ኡቡንቱ.ሶርስስ በሚባል ፋይል ነው። ሶርስስ.ሊስት የተባለውን ከፍታችሁ ባዶ ስታገኙት ደንግጣችሁ የ20.04ን አድራሻ አትሙሉበት።

አፕት «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚያወጣውን ዝርዝር ማንበብ ግዴታችሁ ነው። በተለይ «ዘ ፎሎዊንግ ፓኬጅስ ዊል ቢ ሪሙቭድ» የሚለውን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ፖፕ ኦኤስ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በነበረ የፓኬጅ ስህተት ምክንያት ስቲም የተባለውን የጌም ፕሮግራም ለመጫን የሞከሩ ሰዎች ዴስክቶፑ ራሱ ሊጠፋ መሆኑ ተዘርዝሮላቸው ነበር። ዝርዝሩን ሳያነብ የተጠየቀውን የማረጋገጫ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ዴስክቶፕ አልባ ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፣ ከቦሳ አዲስ፦ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብዬ ስናፕ ሆኖ መጣ። ሲከፈትም ይዘገያል። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከ22.04 ጀምሮ በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ያለው የፋየርፎክስ ፓኬጅ ወደ ስናፕ፣ ከአፕት ውጭ ወደሆነው የኡቡንቱ ሌላ የመጫኛ መንገድ፣ የሚመራ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ይዘገያል፤ ቀጥሎ ይሻሻላል።

አንድ አባል፣ ከአጂፕ፦ ስናፕ ለእኛ አገር አይሆንም። ዲስክ ይሞላል፣ ሳይጠየቅ ዳታ ይበላል። ሚንት ከ20ኛው ቅጂ ጀምሮ የዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ወደ ፍላትፓክ፣ ስናፕን ወደሚመስለው ሌላ የመጫኛ መንገድ፣ ቢዞር መልካም ነው።

ሌላ አባል፣ ከቦሳ ኪቶ፦ ፍላትፓክም እኮ ለመጀመሪያው ፕሮግራም ብቻ ትልቅ ራንታይም (ፕሮግራሙ የሚሠራበትን መሠረት) ያወርዳል። አንድ ካልኩሌተር ለመጫን መቶዎች ሜጋባይት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

አንድ አባል፣ ከአጂፕ፦ ራንታይሙ አንድ ጊዜ ከወረደ ሌሎቹ ይጋሩታል እኮ።

ሌላ አባል፣ ከቦሳ ኪቶ፦ ስሪቱ አንድ ከሆነ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይሆንም።

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ፤ ጠያቂው የጠየቀው ሌላ ነው። በአፕት የሚገኘውን በአፕት ጫኑ፤ በአፕት የሌለውን ወይም በጣም ያረጀውን ብቻ ከሁለቱ በአንዱ ጫኑ። የዳታው ሮሮ ግን እውነት አለበት፤ ስናፕ በቀን ብዙ ጊዜ ማሻሻያ ይፈትሻል፣ አሮጌውንም ቅጂ ወዲያው አያጠፋም። «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» ብትሉት እስክትፈቅዱለት ይታገሣል። ሲመቻችሁ ዋይፋይ ባለበት ቦታ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» በሉት፤ የብራውዘር ማሻሻያ ለወራት መዝለል አደገኛ ነው።

ጥያቄ፣ ከመንደራ፦ ጋሼ፣ አሁንም አልተጫነልኝም። «አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» ይላል።

መልስ፦ አሁን ቢያንስ መልእክቱን አምጥተሃል። የፓኬጁን ስም ግን አላመጣህም። ስሙን በትንሽ ፊደል ጻፈው፤ አስቀድመህ አፕዴት በል፤ ካልሆነ «ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ ዩኒቨርስ» በልና ድገመው። «አፕት ሰርች» ብለህም ትክክለኛ ስሙን ፈልግ።

ጥያቄ፣ ከሰቃ፣ መምህር፦ በትምህርት ቤታችን አንድ ዓይነት ኡቡንቱ 22.04 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች አሉ፤ ኢንተርኔት ግን የለንም። እኔ ጅማ ስመጣ በላፕቶፔ አውርጄ በፍላሽ ልወስድላቸው የምችልበት መንገድ አለ? ለልጆቹ ጂኦጀብራና ሊብሬኦፊስ ነው የሚያስፈልገው።

መልስ፦ መምህር፣ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ በደስታ የምመልሰው የእርስዎን ነው፤ ይህን ዘዴ ብዙ ሰው ቢያውቀው ኖሮ በየቢሮው አንድ ፓኬጅ ሃያ ጊዜ አይወርድም ነበር።

መጀመሪያ የሚያወርዱበት ማሽን ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ቁጥሩም 22.04፣ የፕሮሰሰሩም ዓይነት አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። አፕት በማሽኑ ላይ ቀድሞ ያለውን ፓኬጅ አያወርድም። ስለዚህ ላፕቶፕዎ ላይ ብዙ ነገር ተጭኖ ከሆነ የሚያወርዱት ጥርቅም ለሌሎቹ ጎዶሎ ይሆንባቸዋል። ምንም ያልተጨመረበት አዲስ ኡቡንቱ 22.04 ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም ውስጥ ቢጭኑና በእርሱ ቢያወርዱ ይመረጣል። ትእዛዙ «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል -ዲ» ሆኖ የፓኬጆቹ ስም ይከተላል። አፕት-ጌት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አጭሩ አፕት ከጫነ በኋላ ያወረደውን ያጠፋል፣ አፕት-ጌት ግን ያስቀራል። የወረዱት ፋይሎች /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ዴብ በሚል ቅጥያ ተደርድረው ያገኟቸዋል፤ ሁሉንም ወደ ፍላሹ ይቅዷቸው።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡና እዚያው ፎልደር ውስጥ ገብተው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ» ይበሉ። ነጥቧንና እዝባሯን እንዳይረሷቸው፤ ያለ እነርሱ አፕት ፋይል መሆኑን አያውቅም፣ በማከማቻው የፓኬጅ ዝርዝር ውስጥ ሊፈልግ ይሄዳል። በመጨረሻ «ኤን፦» ብሎ የሚጀምር፣ አንደርስኮር-አፕት የሚባል ተጠቃሚ ፋይሉን ማንበብ እንዳልቻለ የሚናገር መስመር ቢያዩ አይደንግጡ። በ«ኤን» የሚጀምር ማስታወሻ ነው፤ ስህተት የሚባለው በ«ኢ» የሚጀምረው ነው።

ኮምፒውተሮቹ በኬብል የተያያዙ ከሆነና አንዱ ብቻ አንዳንዴ ኢንተርኔት የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። በዚያ በአንዱ ላይ የወረደውን ፓኬጅ አስቀምጦ ለሌሎች የሚያድለውን፣ አፕት-ካሸር-ኤንጂ የተባለውን ይጫኑ። በሌሎቹ ላይ በ/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ ውስጥ የአፕት ፕሮክሲ (በመካከል ሆኖ የሚያወርድለት) የዚያ ኮምፒውተር አድራሻ፣ ፖርቱም 3142 እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ያለው ፋይል ይፍጠሩ። ከዚያ በኋላ አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ ሌሎቹ ሁሉ ከጎረቤታቸው ይወስዱታል፤ ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ካሹ (ማስቀመጫው) ውስጥ ግማሽ የወረደ ፋይል ከገባ ሁሉም ኮምፒውተር «ሃሽ ሰም ሚስማች» ማለት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ካሹን ማጽዳት፣ በየኮምፒውተሩም «ሱዶ አፕት ክሊን» ብሎ አፕዴት ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ላፕቶፕ ላይ ይህን ፕሮክሲ ያስገባ ሰው ቤቱ ሲሄድ ሰርቨሩን ስለማያገኘው አፕት አይሠራለትም፤ ፋይሉን ማንሳት እንዳለበት ይንገሩት።

ጥያቄ፣ ከሂርማታ፣ የቡና ነጋዴ፦ ልጄ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ ሜሞሪው 2 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውሱም 32 ቢት ይላል። ሚንት አልጫን አለው።

መልስ፦ አባቴ፣ ዊንዶውሱ 32 ቢት ስለሆነ ፕሮሰሰሩም 32 ቢት ነው ማለት አይደለም። ሳይጫን ከሚሠራ፣ ለ32 ቢት ከሚሆን የሊኑክስ ላይቭ ፍላሽ አስነሥተው «ኤልኤስሲፒዩ» ቢሉ በሁለተኛው መስመር ገደማ ይነግርዎታል። 64 ቢት ከቻለ ሉቡንቱ ይሞክሩ። ካልቻለ ሚንት 22 አይሆንም፤ ዴቢያን 12ን ይጫኑ፣ ለ32 ቢት መጫኛ ያለው የመጨረሻው እርሱ ነው። 13 ላይ ተነሥቷል።

ጥያቄ፣ ከዚያው ከአጋሮ፦ ሰዓቱን እንዳሉኝ አስተካክዬ አፕዴቱ ሠራ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በአማርኛ ለመጻፍስ ምን ልጫን?

መልስ፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በዪ፤ ከሲስተሙ ወጥተሽ ግቢ፤ በኪቦርድ ቅንብር ውስጥ አማርኛ፣ ሴራ የሚለውን ጨምሪ። «ለ» ለመጻፍ ኤል እና ኢ ትመቻለሽ፤ ያው ስልክ ላይ እንደምታውቂው ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ከዛሬው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ፣ ከዩኒኮድ፣ በፊት ስለሆኑ ግራ የገባ ፊደል ሆነው ቢታዩሽ የፎንቱ ጥፋት አይደለም፤ መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፣ ከመርካቶ ሰፈር፦ «ኩድ ኖት ጌት ሎክ» የሚል መጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለጊንጆው ጠያቂ የመለስኩትን አንብብ።

ጥያቄ፣ ከጊንጆ፦ ዴቢያን ስጭን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ሰጠሁ፤ አሁን ሱዶ ስል «ኢዝ ኖት ኢን ዘ ሱዶርስ ፋይል» ይለኛል። ፓስወርድ ስጽፍም ምንም አይታይም።

መልስ፦ ፓስወርዱ የማይታየው ለደኅንነት ነው፤ ጻፍና ኢንተር በል። ዴቢያን ለሩት ፓስወርድ ስትሰጠው አንተን ወደ ሱዶ ቡድን አያስገባህም። «ኤስዩ -» ብለህ በሩት ፓስወርድ ግባ፤ ሰረዟን አትርሳ። «አድዩዘር» ብለህ ስምህንና ሱዶ የሚለውን አስከትል። ወጥተህ እንደገና ስትገባ ይሠራል።

ጥያቄ፣ ከበቾ ቦሬ፦ 22.04 ላይ ነኝ፤ ሁሉም ይሠራል። በከፈትኩት ቁጥር ወደ 24.04 አሻሽል ይለኛል። ላሻሽል?

መልስ፦ 22.04 እስከ 2027 አጋማሽ ገደማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይደገፋል፤ ስለዚህ የሚያቻኩል ነገር የለም። ማሻሻል ከፈለግህ ከአንድ ጊጋባይት በላይ እንደሚወርድ አስበህ፣ ሰነዶችህን ገልብጠህ፣ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ጀምር። አስቀድመህ «ሱዶ አፕት አፕዴት» እና «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብለህ 22.04ን ጨርሰው፤ ከዚያ «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» ብለህ እንዳይሻሻል የታሰረ ፓኬጅ ካለ ፍታው። የታሰረ ካለ የማሻሻያው ትእዛዝ «ዱ-ሪሊስ-አፕግሬድ» ገና ሳይጀምር ሊቆምብህ ይችላል።